በብራና ላይ የተጻፈው አድራሻ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማኅበራችን አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ሰላም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና በአክብሮት፣ እጅግ በጣም በአክብሮት፣ «እትዬ አስካለ፣ ይህን ዝርዝር ልናጠፋው ነው» አለችኝ። አክብሮት ሲበዛብኝ አልወድም፤ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣል። የእጅ ሙያተኞች ማኅበራችን ድረ ገጽ ሰኞ ወደ አዲስ ሰርቨር ይዛወራል። ሁሉም ነገር ተጠርጎና ተስተካክሎ ነው የሚገባው። ከሚጣለው ኮተት አንዱ ደግሞ እኔ በእጄ የጻፍኩት፣ ሦስት መቶ ምናምን መስመር ያለው የአሮጌ አድራሻዎች ዝርዝር ነው። «ማንም አይጠቀምበትም፤ ሥርዓት ለማስያዝ ነው» አለች። የመጀመሪያውን መስመር አየሁት። የጥያቄ ምልክቱ፣ የእኩል ነው ምልክቱ፣ አራቱ ቁጥሮች፣ መሃል ላይ የተጋደመችው ሰረዝ፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ያን መስመር ዓይኔን ጨፍኜ በቃሌ እወጣዋለሁ። «አይጠፋም» አልኳት። «ለምን?» አለች። ለምን እንደሆነ ለመንገር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ፤ እሷ ደግሞ ስብሰባ ነበራት። እናንተ ስብሰባ ከሌላችሁ ስሙኝ።

ያኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቢጫ ሕንፃዎች በአንዱ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ኢንተርኔት ቤት ከፍቼ ነበር። ከዚያ በፊት ታይፒስት ነበርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖሬ፣ አንድ ቀን «መዋቅር ተለውጧል» ተባለና እኔም የጽሕፈት መኪናዬም ትርፍ ሆንን። ዘመዶቼ ሱቅ ክፈቺ፣ በርበሬ ነግጂ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጣቴ የሚያውቀው ቁልፍ መምታት ነው፣ በቁልፍ ነው የምኖረው አልኩና አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዛሁ። አቧራ እንዳይገባባቸው ከአቡጀዲ ሽፋን ሰፋሁላቸው፤ ዳር ዳሩንም በቀይ ክር ዘመዘምኩት። ጎረቤቶቼ «የአስካለ ሙሽሮች» ይሏቸው ነበር። ደቂቃው አንድ ብር ነው። በብር እኮ ያኔ ሻይ በቦምቦሊኖ ተበልቶ ይጠጣ ነበር! በኋላ ሃምሳ ሳንቲም ሆነ፣ ከዚያም ሃያ አምስት፣ ከዚያም ልጆቹ ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሳቸው ይዘውት ሄዱ። ስልኩ መስመር ሲይዝ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮኻል፤ ደንበኛ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም አንድ ላይ «ውይ!» ይላል። ጎኔ ካሴት ቤት ነበር፤ አንዱን ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ያዞረዋል፣ ዘፈኑ ሲሰለቸን ግጥሙን እየለወጥን እንዘፍነው ነበር። ልጃገረዶቹ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ፣ ወንዶቹ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ይለብሳሉ። ባጃጅ ገና አልገባም፤ ደጄ ላይ የሚቆመው ጋሪ ነበር፣ ፈረሱም የበሬን እጀታ መላስ ይወድ ነበር። ዛሬ ያቺ ክፍል የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆናለች። ባለፈው ሳምንት ገብቼ የቀድሞዋ ተከራይ ነኝ ብላቸው ወንበር ሰጡኝ።

የማኅበሩ ድረ ገጽ ወደ እኔ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ሠራልን፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠሪዎቹ ሄዱ፣ ድረ ገጹ ቀረ። የማኅበሩ ጸሐፊ «አስካለ ቁልፍ ታውቃለች» ብሎ አሸከመኝ። ለእያንዳንዱ ሙያተኛ አንድ አንድ ገጽ ነበረው፤ ፎቶው፣ ሥራው፣ የሚገኝበት ቦታ። ከጎንደር ዙሪያ ከተሞች የትክል ድንጋዩ ኮርቻ ሠሪ፣ የአይከሏ ስፌት ሰፊ፣ የከተማው ሸማኔዎች ሁሉ አሉበት። ገጹ ሸጋ ነበር፤ አድራሻው ግን ለጠላት አይስጥ። ፕሮግራሙ ለሰው ስም አይሰጥም፣ ቁጥር ይሰጣል። የአንዷ ሸክላ ሠሪ አድራሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ተኩል ነው፤ በውስጡ ሸክላ የለ፣ ጎንደር የለ፣ የሴትዮዋ ስም የለ። አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ ደውሎ አድራሻ ንገሪኝ ሲለኝ በስልክ አስጻፍኩት። «ከዚያ የጥያቄ ምልክት» ስለው «ምን ልጠይቅ?» አለኝ። «ምንም አይጠይቁ፣ ምልክቱን ይጻፉ።» «ጻፍኩ።» «እኩል ነው።» «ከምን ጋር?» ሰውዬው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

እኛ ጎንደሮች አድራሻ በቁጥር አይገባንም፤ አልገባ ስላለን አይደለም፣ የተሻለ ስላለን ነው። ቤታችንን ለእንግዳ ስንነግር «ከአቦ ዝቅ ብለህ፣ ወይራዋ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር» እንላለን። ሰውየው አንዴ ይሰማል፣ ይደርሳል። ለሌላው ይነግራል፣ ሌላውም ይደርሳል። በአፍ ሊነገር የማይችል አድራሻ ለእኔ አድራሻ አይደለም። መፈለጊያውም ቢሆን፣ ያ ሰው የፈለገውን ጽፎ የሚጠይቀው መፈለጊያ፣ ከሰው አይለይም፤ «የጎንደር ሸክላ» ተብሎ ሲጠየቅ በራፉ ላይ «ሸክላ» የሚል ያለበትን ቤት ያስቀድማል እንጂ ቁጥር የለጠፈውን አያንኳኳም። ስለዚህ አድራሻዎቹን ልለውጣቸው ተነሳሁ። ማን አዘዘሽ? ማንም። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ እንግሊዝኛዬ የታይፒስት እንግሊዝኛ ነው፣ ቃሉን ሳላውቅ ሆሄውን አውቃለሁ። በየጠዋቱ ደንበኛ ሳይገባ ሁለት ሁለት ገጽ እየገፋሁ ከሦስት ወር በኋላ ምሥጢሩ ገባኝ። ነገሩ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ሰው በዚህ ሸጋ ስም ሲመጣ አንተ ከውስጥ ያንን ቁጥር አውጣለት ብሎ ለሰርቨሩ መንገር። አንዲት ነጥብ ስታ ስትገባ ግን ቤቱ እንዳለ ይዘጋል። ሁለት ቀን ሙሉ ዘግቼዋለሁ፤ ጸሐፊው «ምነው አስካለ፣ ማኅበሩን አፈረስሽው?» ብሎ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ጎንደር፣ ከዚያ ሙያው፣ ከዚያ የሰውዬው ስም። በላቲን ፊደል ቢሆንም ሲነበብ አማርኛ ነው። ጸሐፊው አየና «ያው ይከፈት የለ እንዴ?» አለኝ። ማንም አልገባውም፤ እኔ ግን ቤቴን ዘግቼ ወጣሁና ለራሴ ማኪያቶ በኬክ ጋበዝኩ። በሁለተኛው ወር የአይከሏ ስፌት ሰፊ ብቻዋን የማትጨርሰው ትእዛዝ መጥቶላት የእህቷን ልጆች ጠራች። ኩራቴ ቤት አይበቃውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር፤ ቅዳሜ ቤቷን ስታጸዳ የሰው ደብዳቤ ከቆሻሻ ጋር እንደጣለች ሴት ነው የሆንኩት። አዲሱን ስም ስሰጥ አሮጌውን ዘጋሁት። በአሮጌው አድራሻ የመጣ ሰው «ገጹ አልተገኘም» ይባላል። ማን በዚያ መስመር ተኩል ይመጣል ብዬ ነው? ልክ ሰላም ሐሙስ ዕለት እንዳለችው ነበር ያልኩት። ስለዚህ ነው የተናደድኩት፤ የራሴን ጥፋት በሌላ ሰው አፍ ስሰማው።

መሪጌታ ላቀውን ላስተዋውቃችሁ። ቁስቋም አጠገብ የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን ራሳቸው ይወጥራሉ፣ ይፍቃሉ፣ ቀለሙን ራሳቸው ይበጠብጣሉ፤ አባቴም ዲያቆን ሳለ ከእሳቸው ጋር ተምሯል። ትውልዳቸው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። ገጻቸው የተከፈተ ሰሞን ወደ ኢንተርኔት ቤቴ መጥተው አድራሻውን በወረቀት ስጪኝ አሉኝ፤ በትልቅ ፊደል አትሜ ሰጠኋቸው። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኩም። በእኛ ሥርዓት ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲጨርስ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ለነፍሱም እንዲጸለይለት ያስቀምጣል። መሪጌታ ከስማቸው በታች አድራሻውን ጨመሩበት። የላቲን ፊደል አንብበው አያውቁም፤ ግን መስመር አስምረው፣ እንደ ሐረግ ጌጥ እያዩ፣ አንድ በአንድ ቀዱት። ቁጥሮቹን በቀይ ቀለም፣ የቀረውን በጥቁር። ከዚያ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ሁሉ ላይ፣ ጃናሞራ ለሄደውም፣ ጭልጋ ለሄደውም፣ ባሕር ማዶ ለተሻገረውም፣ ያንኑ ቀዱ። ትልቁም ትንሹም ተቆጥሮ አሥር መጽሐፍ ይሆናል። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ማኅበሩ አንድ ደንብ ነበረው፤ አባል ሲሞት ገጹ ይነሳል፣ ልክ ከእድር መዝገብ ስም እንደሚነሳ። ይህ ደንብ በየስብሰባው በኩራት ይነገር ስለነበር አባላቱ ለዘመዶቻቸው ሁሉ አውርተውታል። መሪጌታም አገራቸው ሲሄዱ ለእህታቸው ለእማሆይ ወለተ ሐና «በሕይወት እያለሁ ገጼ ክፍት ነው፤ የሞትኩ ዕለት ይዘጋል» ብለዋቸው ኖሯል። አሮጌውን በዘጋሁበት ክረምት መምህር አዳነ የሚባሉ የመካነ ብርሃን አስተማሪ ለሥልጠና ጎንደር ሲወርዱ እማሆይ «እስቲ የአያ ላቀውን ገጽ እይልኝ» ብለው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠል አድራሻውን አስገልብጠው ላኳቸው። መምህሩ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ባሉበት ቀን፣ መሸት ሲል፣ አንድ ሌላ ኢንተርኔት ቤት ገቡ። ነጥብ ሳይስቱ ጻፉት። አልተገኘም። ደግመው ጻፉት። አልተገኘም። የመሪጌታን ቤት አያውቁት፣ ማኪናው የሚነሳው ንጋት ላይ። መርዶውን ይዘው ሄዱ።

ይህን ሁሉ የሰማነው ከአንድ የመካነ ብርሃን ነጋዴ ነው። ሰውየው ጎንደር ሲመጣ ደብሩ ልኮት ቁስቋም ሄደ፤ ደጅ ላይ ብራና የሚወጥሩ ሽማግሌ አገኘና «አባቴ፣ የመሪጌታ ላቀው መቃብር የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታ የወጠሩትን ቆዳ እንደያዙ «ገና አልተቆፈረም» አሉት።

በማግስቱ ኢንተርኔት ቤቴ መጡ። ጋቢያቸውን አመሳቅለው ለብሰው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ደንበኛ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቁም። «አስካለ፣ ሞቻለሁ» አሉኝ። መጽሐፉን ገለጡና የመጨረሻውን ቅጠል አሳዩኝ። ያን አስቀያሚ አድራሻ፣ ያን የጠላሁትን፣ እንዲያ አምሮ አይቼው አላውቅም። ጠየቅኳቸው፤ ስንቱ መጽሐፍ ላይ እንደጻፉት ነገሩኝ። «እህቴ ልቅሶ ተቀምጣለች። ፍትሐት ተደርጎልኛል። የፊታችን እሑድ አርባዬ ይወጣል» አሉ። እኔም «በነጋዴው መልእክት እንላክላቸው» አልኩ። «የሞተ ሰው መልእክት ማን ያምናል? ራሴን አሳያቸዋለሁ። አንቺም ትመጫለሽ። የገደልሽኝ አንቺ ነሽና አስነሺኝ።»

ሄድን። እስከ ደባርቅ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በጭነት ማኪና ላይ፣ በእህል ጆንያ መካከል። ሰሜን ተራራውን ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከተማ የለመደ ሹራብ ለብሼ ስንቀጠቀጥ አንዲት ተሳፋሪ ባናዋን፣ የሱፍ ብርድ ልብሷን፣ አካፈለችኝ። መካነ ብርሃን ስንደርስ ገና ከማኪናው ሲወርዱ አንድ ሰው አያቸውና አማተበ፤ ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ አንዲት ሴትዮ እንስራዋን መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች። እማሆይ ወለተ ሐና ደጅ ላይ ጌሾ ያሰጡ ነበር። ቀና ብለው አዩን። አልጮሁም። ቀስ ብለው መጡና የወንድማቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ጢማቸውን፣ ጆሯቸውን። «አያ ላቀው?» «እኔ ነኝ።» «ምነው ታዲያ ገጽህ ተዘጋ?» መሪጌታ በጣታቸው እኔን ጠቆሙ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋቸው። አድራሻው ረጅምና የማይያዝ እንደነበር፣ አሁን አጭርና ሸጋ እንደሆነ፣ ሰው በቀላሉ እንደሚያገኛቸው፣ ሥራም እንደጨመረ። የሰፈሩ ሰው ከቦ ይሰማል። እማሆይ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁና «አዲሱ ሸጋ ነው?» አሉኝ። «ሸጋ ነው» አልኩ። «ይሁን፣ ሸጋ ይሁን። የእኛ መጽሐፍ ላይ ያለው ግን ይህ ነው።» መሪጌታ በዚህ መሃል «ብራና ይፋቃል፤ ፍቄ አዲሱን ልጻፍበት እችላለሁ» አሉ። እማሆይ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «በደብራችን መጽሐፍ ላይ ቢላ አይነሳም። ቢነሳስ፣ የቀረው መጽሐፍህ የት የት እንዳለ ታውቃለህ? ጭልጋ ያለውን ፋቅህ፤ ባሕር ማዶ ያለውን ማን ይፍቅልሃል?» ከዚያ እጄን ያዙኝ። ጣታቸው የገብስ እሾህ ያጠነከረው ነው። «አንቺ ልጅ፣ ላቀው ሞቷል ያለን ይህ ጽሕፈት ነው። አለ የሚለንም ይኸው ይሁን። አዲሱ በር ይኑርሽ፤ በአሮጌው የመጣውንም ሰው ግን እጁን ይዘሽ ወደ አዲሱ አድርሺው። ቤት የለወጠ ሰው በአሮጌው ደጃፍ ጎረቤት አያስቀምጥም? መጣሁ የሚለውን 'ወዲያ ሄደዋል' የሚል?» «አደርጋለሁ» አልኩ። «እስከ መቼ?» አሉኝ። ብራና ስንት ዓመት እንደሚኖር አላውቅም ነበር፤ መሪጌታን አየሁ። «አምስት መቶ» አሉ፣ «አይጥ ካልበላው።» «እንግዲያው እስከዚያ» አልኩ። ለሰው የሰጠሁት ትልቁ ቃል ይኸው ነው።

እሑድ ጠላው አልተደፋም። እማሆይ «ለአርባህ የተጠመቀ ነው፣ ጠጣው» አሉና መሪጌታ የራሳቸውን አርባ ጠጡ፣ በሉ፣ መረቁም። ካህናቱ ፍትሐቱን ምን እናድርገው ብለው ተጨነቁ፤ መሪጌታ «ለብዙ ጊዜ ይቀመጥልኝ፣ አይበላሽም» አሏቸው። መምህር አዳነ ጥግ ይዘው በሐፍረት ሲቅለሰለሱ መሪጌታ ጠርተው አጎረሷቸው። ጎንደር ስመለስ ያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ እማሆይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ነገር በአሥራ አንድ ገጽ ተጽፎ አገኘሁት፤ በአሮጌው አድራሻ የመጣን ሰው ሳያውቀው ወደ አዲሱ ማሻገር ይቻላል። የመጀመሪያውን መስመር ለመሪጌታ ጻፍኩ። ከዚያ የትክል ድንጋዩ ኮርቻ ሠሪ አሮጌውን አድራሻ በጋለ ብረት ቆዳ ላይ ማተሙን ሰማሁ፤ ለእሱም ጻፍኩ። አንዷ ሸማኔ ግድግዳዋ ላይ በቀለም አስጽፋዋለች፤ ለእሷም። አልቆምኩም፤ የእያንዳንዱን አባል፣ የእያንዳንዱን ገጽ፣ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። ደንቡንም በጠቅላላ ጉባኤ ተሟግቼ አስለወጥኩት፤ ሰው ሲሞት ገጹ አይነሳም፣ «አርፈዋል» ይባልበታል፣ ከሥሩም ሙያውን የተማሩ ደቀ መዛሙርቱ ይጻፋሉ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከግማሹ ጉባኤ ጋር ተኳርፌያለሁ፤ አንዳንዱ እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የሚለኝ።

መሪጌታ ካረፉ ቆይቷል፤ እማሆይም ተከትለዋቸዋል። እኔ ኢንተርኔት ቤቴን ዘግቼ ማኅበሩ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን እቀመጣለሁ። ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ሦስቱንም ጊዜ ዝርዝሬን በእጄ ይዤ ተሻግሬያለሁ። ጠባቂነቴ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ያን የተመሰቃቀለ አድራሻ ከማንም በላይ የጠላሁት እኔ ነኝ፤ ከማንም በላይ የምቆምለትም እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ግን ለሰላም ሐሙስ ዕለት አልነገርኳትም። «ቃል ገብቻለሁ» ብቻ አልኳት። ቃል በሰርቨር ላይ ቦታ አይይዝም ያለችኝ መሰለኝ፤ ሳትናገረው በዓይኗ።

አርብ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራዋን ታውቃለች፣ የምትለውን በማስረጃ ነው የምትለው። «እትዬ አስካለ፣ ማን እንደሚመጣ የሚያሳየው መዝገብ ይኸውልዎ። የብዙዎቹ መስመሮች ባዶ ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዝር አይልም፣ በዓመት አንድ ቀን ግን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ሃያ ሰው ይገባበታል። በየዓመቱ ያው ቀን ነው። ይህ ሰው አይደለም፤ አንድ የሚዞር ማሽን ነው።» ቀኑን አየሁት። ቀኑን አውቀዋለሁ። «ማሽን የሚካኤልን ዓመታዊ በዓል ጠብቆ አይመጣም» አልኳት። ስልኬን አወጣሁና መምህር አዳነ ጋ ደወልኩ፤ ጡረታ ወጥተው እዚያው መካነ ብርሃን ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እሱማ የእኛ ሰዎች ናቸው» አሉ መምህሩ፣ ምን ያስጠይቃል በሚል ድምፅ። «መሪጌታ የጻፉት ድርሳን አለን አይደል? ለሚካኤል ይነበባል። የዓመቱ ንባብ ሲያልቅ አንባቢው የመጨረሻውን ቅጠል ሳያነብ አይዘጋም። ማን እንዳጻፈው ያነባል፣ ማን እንደጻፈው ያነባል፣ ከዚያ አድራሻውን ያነባል።»

«አድራሻውን? ምልክቱን ሁሉ?» አለች ሰላም።

«ምልክቱን ሁሉ። የጥያቄ ምልክት፣ እኩል ነው፣ አራቱን ቁጥር፣ ሰረዙን። በብራና ላይ የተጻፈ ይዘለላል እንዴ? ሕዝቡም አሜን ይላል። ከዚያ ከቅጽሩ እንደወጣን ስልክ ያለው ሁሉ ይጽፈዋል። ሲከፈት የመሪጌታን ፎቶ እናያለን፣ ለነፍሳቸው እንጸልያለን፣ ወደ ጠበሉ እንወርዳለን።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ቃሌን ብቻ ነበር፤ በሌላው ጫፍ ላይ ሰው እንዳለ አንድም ጊዜ ሳላይ። እንባዬ መጣ፤ ሰላም እንዳታየኝ መነጽሬን መጥረግ ጀመርኩ። እሷ ግን እኔን አላየችም፣ ስልኩን ነው የምታየው።

«መምህር፣ ይቅርታ» አለች፣ «አንድ ዓመት ባይከፈትስ?»

«ያን ጊዜማ ቀላል ነው» አሉ መምህሩ፣ «አንድ ጊዜ ተሳስተን የቆመ ሰው ቀብረናል፤ አሁን እናውቃለን። ባይከፈት የሞታችሁት እናንተ ናችሁ ብለን ጌሾ እናሰጣለን፤ አርባችሁንም እናወጣለን።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰላም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና የአዲሱን ሰርቨር ገጽ ከፈተች፣ ዝርዝሬንም ከጎኑ። «ከየትኛው ልጀምር?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው» አልኳት። «እንዳለ። ነጥብ አትጨምሪ፣ ነጥብ አትቀንሺ።»